ደቦ ወይስ ሁዳድ? የገጠሩ ሕዝብ በትምህርት ቤት ሥራ ያደረገው ተሳትፎ ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ

በዕቅድ ሰነዶቻችን ውስጥ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚለውን ሐረግ ያህል አዘውትሮ የሚጻፍ፣ ያንኑ ያህልም ሳይመረመር የሚታለፍ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ከ1995 እስከ 1997 ዓ.ም. በተሠራበት የዘላቂ ልማትና የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም ውስጥ ቃሉ ተደጋግሞ ይገኛል፤ ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. በተከተለው፣ ድህነትን ለማስወገድ በወጣው የተፋጠነና ዘላቂ ልማት ዕቅድም እንደዚሁ። ከወረዳ የሚላኩትን የዓመት ሪፖርቶች ያነበበ መምህር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሕዝቡ ያቀረበው ድንጋይና አሸዋ፣ የሰጠው የጉልበት ቀንና ያመጣው ግንድ በብር ተተምኖ «የሕዝብ ተሳትፎ» በሚል ርእስ ሥር ይደመራል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የመጣው በፈቃዱ ይሁን ወይም ተጠርቶ እምቢ ማለት ስላልቻለ ይሁን ከድምሩ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ይህ ልዩነት ለሪፖርት አቅራቢው ባይታየውም ለገበሬው የተሰወረ አልነበረም። የገጠሩ ሕዝብ ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶት አያውቅም። ለጎረቤት የሚሠራው ደቦ ይባል ነበር፤ ለባለ ጉልቱ የሚሠራው ሁዳድ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝቡ በትምህርት ቤት ሥራ ያደረገውን ተሳትፎ እነዚህን ሁለት ስሞች መለኪያ አድርጎ ለመመልከት ነው።

ደቦ፣ ወንፈልና ሁዳድ

ደቦ አንድ ገበሬ ለእርሻው፣ ለአረሙ፣ ለአጨዳው ወይም ለቤት ሥራው ጎረቤቶቹን የሚጠራበት ልማድ ነው፤ በአንዳንድ አገር ጅጌ ይባላል። የጠራው ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያስጋግራል፤ የመጣው ሰው ይሠራል፣ ይበላል፣ ይዘፍናል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወንፈል ግን ከዚህ የተለየ ነው። በወንፈል የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል፤ ዛሬ በእገሌ ማሳ የዋለ ነገ እገሌን በራሱ ማሳ ያውለዋል። በጅማ አካባቢ ዳዶ የሚባለውም በተራ የሚዞር የጉልበት ማኅበር ነው። በጽሑፍ ያልተያዘ ይሁን እንጂ ሒሳቡ ከማንም የሒሳብ ሹም ያላነሰ ጥንቃቄ ይደረግበታል።

ሁዳድ በአንጻሩ የመንግሥትን፣ የገዥውን ወይም የባለ ጉልቱን ማሳ ገባሩ ያለ ዋጋ የሚያርስበት፣ የሚያጭድበትና የሚወቃበት ግዴታ ነበር። ከሩቅ ለሚመለከት እንግዳ ደቦውም ሁዳዱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ብዙ ሰው ተሰልፎ በአንድ ማሳ ላይ ይሠራል። የሚለያዩት ጠሪው ማን እንደ ሆነ፣ እህሉ ወደ ማን ጎተራ እንደሚገባና የቀረው ሰው ምን እንደሚደርስበት ሲጠየቅ ነው። ከደቦ የቀረ ሰው ይታማል፤ ከሁዳድ የቀረ ግን ይቀጣል።

ደቦን ከልክ በላይ ማሞገስም ተገቢ አይደለም። ደቦ ለመጥራት እህልና ጌሾ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አዘውትሮ የሚጠራው ጎተራው የሞላለት ሰው ነው፤ ድሃው ከጠራበት ቀን ይልቅ የተጠራበት ቀን ይበዛል። ይህም ሆኖ መንደርተኛው ለባልቴቲቱ፣ ለሕመምተኛውና ጉልበት ለሌለው ሽማግሌ ያለ ድግስ እየተጠራራ ያርስ ነበር። ማን መሥራት እንደሚችልና ማን እንደማይችል ያለ መመሪያ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን፤ የቀበሌ መዋጮ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ትምህርትን በሚመለከትም ቢሆን የሕዝብ ተሳትፎ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር የመጣ አይደለም። አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ ለዘመናት ሲመግበው የኖረው ራሱ ሕዝቡ ነው። ቅኔ ቤቱም ዜማ ቤቱም በዚህ ቁራሽ ቆሙ። በወሎም ሆነ በሐረር የቁርኣን ተማሪዎች ኑሮ በአካባቢው ሕዝብ ምጽዋት ላይ የተመሠረተ ነበር። ሴት ልጅ በአመዛኙ የዚህ ዕድል ተካፋይ አልነበረችም፤ ይህ ሊሸሸግ አይገባም። ሆኖም ሕዝቡ ራሱ ለሚያውቀውና ለሚያከብረው ትምህርት ሳይጠየቅ ይከፍል እንደ ነበር ማስታወስ፣ «ገበሬው ትምህርትን አይወድም» ለሚለው ለኋለኛው ዘመን አስተያየት በቂ መልስ ይሆናል።

የትምህርት ግብር

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንደገና ሲከፍት ገንዘቡም መምህሩም እጅግ ጥቂት ነበር። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ በየጠቅላይ ግዛቱም የአካባቢ የትምህርት ቦርዶች እንዲቋቋሙ ተደረገ። አሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ዛሬም ቢሆን የሚነቀፍ አይደለም። ገንዘቡ በዚያው በጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ የአጠቃቀሙንም ነገር የአገሩ ሰዎች እንዲመክሩበት የታሰበ ነበር። በትምህርት አስተዳደር ታሪካችን ውስጥ ሥልጣንን ከማዕከል ወደ አካባቢ ለማውረድ ከተደረጉት ሙከራዎች ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ችግሩ የመጣው ከፋዩና ተጠቃሚው በመራራቃቸው ነው። ግብሩ የተጣለው በመሬት ላይ ሲሆን ትምህርት ቤቱ የተሠራው ግን በአመዛኙ በከተማ ነበር። ባለ መሬቱ የተጣለበትን ሸክም በተቻለው መጠን ወደ ጭሰኛው ያስተላልፋል፤ የጭሰኛው ልጅ ደግሞ ከብት ይጠብቃል፤ ትምህርት ቤት ልማር ቢል እንኳ የግማሽ ቀን መንገድ ይጠብቀዋል። በቦርዱ ውስጥ የሚቀመጡትም ገዥው፣ ባላባቱና የከተማው ታላላቅ ሰዎች እንጂ ጭሰኛው አልነበሩም። ስለዚህ ገበሬው የትምህርት ግብርን ከሌሎቹ ግብሮች ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር ሲጨመርም ነገሩ ያው ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ባመፀ ጊዜ ቁጣው የተነሣው በትምህርት ግብር ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይነካል የሚለው ሥጋት ለሕዝብ ጥቅም ነው ተብሎ የሚጠየቀውን ሁሉ ገበሬው በምን ዓይን ይመለከት እንደ ነበር ያሳያል።

የዓለም ገና–ወላሞ መንገድ

በ1950ዎቹ ዓመታት የማኅበረሰብ ልማት የሚለው አሳብ ከውጭ አገር ጠበብት ጋር ወደ አገራችን ገባ። ለዚሁ ሥራ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በማጀቴና በአዋሳ የመንደር ልማት ሠራተኞች ሠለጠኑ። በዚያው ዘመን ከማናቸውም የልማት መሥሪያ ቤት ውጭ የተነሣ አንድ እንቅስቃሴ ግን ለርእሳችን የበለጠ ትምህርት አለው፤ ይኸውም የዓለም ገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር ነው። ነገሩ ስለ ትምህርት ቤት ባይሆንም እዚህ ላይ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የሚተዳደሩት ጉራጌዎች ለመስቀል ወደ አገራቸው ሲወርዱ መንገዱ ዋና ጭንቃቸው ነበር። በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው መኪናን ቀርቶ በቅሎን ያስቸግራል። ከከተማ የሚላከው ገንዘብና ዕቃ ከአገር ቤት ከሚመጣው ምርት ጋር ሊገናኝ የሚችለው መንገድ ሲኖር ነው። ስለዚህ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚያደርሰውን መንገድ ለማሠራት ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ከአባላቱና ከአገሩ ሰው መዋጮ ሰበሰቡ፤ ከመንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበርም ሥራውን አካሄዱ። ማኅበሩን ፈቃዱ ገዳሙ በ1964 ዓ.ም. ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አጥንቶታል።

በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። ጥያቄው የመነጨው ከሕዝቡ ነው፤ መንግሥት ቀድሞ የነደፈው ዕቅድ ለሕዝቡ አልቀረበለትም፤ የሕዝቡ ዕቅድ ነው ወደ መንግሥት የመጣው። ገንዘቡን የያዙት ሰዎች ደግሞ በዕድርና በዕቁብ የተፈተኑ፣ ቢያጎድሉ ለመስቀል አገራቸው ሲገቡ ዓይን ለዓይን የሚጠየቁ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻም ያዋጣው ሰው መንገዱን ራሱ ይሄድበታል። ይህን ሁሉ የትምህርት ግብር አላሟላም። በእርግጥ ማኅበሩ ይህን ማድረግ የቻለው በከተማ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኙ ልጆች ስለ ነበሩት ነው፤ ልጆቹን ወደ ከተማ ያልላከ አገር ይህን አርአያ ልከተል ቢል ከየት ያዋጣል? ብዙ ጊዜ ይህ ማኅበር ሲወደስ የምንሰማው ይህች ጥያቄ ተዘላ ነው።

ሕንጻ ሠሪውና የትምህርት ጥናቱ

ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንጻ ሥራ ተጀመረ። ሥራው የኢትዮ–ስዊድን የሕንጻ ኮሌጅ ባካሄደው የሙከራ ግንባታ ላይ የተመሠረተ ነበር። አሠራሩ ግልጽ ነበር፤ የአካባቢው ሕዝብ መሬት፣ ጉልበትና ገንዘብ ያቀርባል፤ የሥራ ክፍሉ አንድ ዓይነት ንድፍ፣ የፋብሪካ ዕቃና የባለሙያ ቁጥጥር ያመጣል። በየገጠሩ እስከ ዛሬ ድረስ አገልግሎት የሚሰጡት ረዣዥም የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ክፍሎች ብዙዎቹ የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ሆኖም «መጀመሪያ ድርሻህን አምጣ» የሚለው ደንብ ገንዘብ ቶሎ ለሚያወጣው፣ ቡና ወይም ገበያ ላለው አገር ያደላል። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ቆላና ደጋ ተራው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ለድህነት ቅነሳ ተብሎ የሚወጣ የማሟያ መዋጮ ደንብ ሁሉ ዛሬም ይህን አደጋ ይሸከማል።

በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ታሪክ ግን ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ ነው። በጥናቱ ላይ የአገርና የውጭ አገር ሊቃውንት ደክመውበታል። የገጠሩ ልጅ የትምህርት ዕድል እንዲያገኝ፣ ትምህርቱም ከአካባቢው ኑሮ ጋር እንዲዛመድ ማሰቡ በጎ ነበር። ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ከዚያም በላይ ከፍ ላለው ዕድሜ በማኅበረሰቡ መካከል የሚሰጥ ሥልጠና ታስቦ ነበር። ነገር ግን ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ብዙ የተናገረው ይህ ሰነድ ሕዝቡ ሳያየው ተዘጋጀ። መምህራን አልተመከረባቸውም፤ ወላጆችም አልተጠየቁም። ወሬው በ1966 ዓ.ም. ሲወጣ ወላጁ የሰማው «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ አይማርም» የሚል ነበር፤ መምህሩም ደመወዙና ማዕርጉ እንደሚነካ ሰማ። በየካቲት ወር የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ ጥናቱም ታገደ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ሰነዱን ዛሬ የሚያነብ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ በውስጡ ብዙ ትክክለኛ አሳብ ያገኛል። ስለ ሕዝብ የታሰበ አሳብ ሕዝብ ሳይሰማው በመቅረቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ግን ሰነዱ ራሱ አይነግረንም።

የገበሬ ማኅበራት ዘመን

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ሁዳድም ጭሰኝነትም በሕግ ቀሩ። በአዋጁ መሠረት የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ለመጀመሪያ ጊዜ ለገጠሩ ሕዝብ በየሰፈሩ ሸንጎ ሰጡት። በዚያው ዓመት በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራንም ማኅበራቱን በማደራጀትና በማስተማር ተሰማሩ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ1967 ዓ.ም. 3,196 የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1978 ዓ.ም. 7,900 ደረሱ፤ ይህም በአማካይ በዓመት ከ420 በላይ አዲስ ትምህርት ቤት ማለት ነው። የተማሪዎቹም ቁጥር በዚያው ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ዝቅ ከሚለው ተነሥቶ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ተጠጋ። በጀቱ በጦርነት በተያዘበት ዘመን ይህን ያህል ሥራ ያለ ገበሬው ጉልበትና መዋጮ የሚታሰብ አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እንደዚሁ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ ወደ ዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ሰፋ፤ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ለሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሽልማት በቃ። አስተማሪውን ያሳደረው፣ ያበላው፣ የማስተማሪያ ዳሱን የሠራው፣ ለፋኖሱ ጋዝ የገዛው የመንደሩ ሰው ነው። በራሳቸው ቋንቋ ሲማሩ የታዩት እናቶችና አባቶች በፈቃዳቸው እንደ መጡ የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው፤ ከስብሰባና ከቀበሌ አገልግሎት እንዳይታገዱ ሲሉ የተመዘገቡም ነበሩ። በአንዱ ዳስ ውስጥ ደቦውም ሁዳዱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ይቻላል።

ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን ሚዛኑ ወደ ሁዳዱ አዘነበለ። የገበሬ ማኅበሩ የአባላቱ ሸንጎ መሆኑ እየቀነሰ፣ የኮታ፣ የመዋጮና የምልመላ አስፈጻሚ መሆኑ እየጨመረ ሄደ። ገበሬው እህሉን በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት የማቅረብ ግዴታ ነበረበት፤ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ይመለመላል፤ ቤቱን አፍርሶ ወደ አዲስ መንደር ይገባል። እነዚህን ሁሉ የሚያስፈጽመው ያው ሊቀ መንበር ሲሆን፣ እርሱው በማግሥቱ ለትምህርት ቤት አጥር ጉልበት ሲጠይቅ ገበሬው አንዱን ከሌላው እንዴት ሊለየው ይችላል?

በ1983 ዓ.ም. የሆነው

መልሱ በ1983 ዓ.ም. ታየ። የመንግሥት ለውጥ በተደረገባቸው ሳምንታት በብዙ የገጠር ቦታዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖችና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ተዘረፉ፤ በብዙ ድካም የተተከሉ የጋራ ደኖች ተመነጠሩ፤ በምግብ ለሥራ የተሠሩ እርከኖች ፈረሱ። ከትምህርት ቤቶችም በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮና ወንበር የተወሰደባቸው ጥቂት አልነበሩም። ብዙዎቻችን ይህን በሥርዓት አልበኝነት ብቻ ተርጉመን አልፈነዋል። ሥርዓት አልበኝነት መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት ሁሉም ነገር እኩል አልፈረሰም።

ይህ ጸሐፊ በዚያ ዓመት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በመንደራችን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘንና ትምህርት ቤታችን ሰው ተጣርቶ በሚሰማማበት ርቀት ላይ ነበሩ። መጋዘኑ በሁለት ሌሊት ዐፅሙ ቀረ፤ ምሰሶው ሳይቀር ተነቀለ። ከትምህርት ቤታችን ግን ሽማግሌዎች በሮቹን አስነቅለው፣ እንደ ደወል የምንመታውን የመኪና ቸርኬ አውርደው በየቤታቸው አስቀመጡ፤ መስከረም ሲጠባ ሁሉንም መለሱ። የጎደሉት ጥቂት ወንበሮች ብቻ ነበሩ። በወንዙ ማዶ የነበረው ሌላ ትምህርት ቤት ግን እንደ መጋዘኑ ሆነ፤ የዚያ መንደር ልጆች ሁለት ዓመት ወደ እኛ ሲሻገሩ ኖሩ፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ይቀራሉ።

ካደግሁ በኋላ ምክንያቱን ጠይቄ ነበር። የእኛው ትምህርት ቤት ሲሠራ ሦስት ሽማግሌዎች መዝገብ ይዘው፣ ማን ስንት ቀን እንደ ሠራ፣ ማን ስንት ግንድ እንዳመጣ ጽፈው፣ በየወሩ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከቅዳሴ በኋላ ያነቡት ነበር። የወንዝ ማዶው የተሠራው ከገበሬው የእህል ሽያጭ ላይ በተቀነሰ ገንዘብ ነው፤ ስንት እንደ ተቀነሰና ስንቱ ለትምህርት ቤቱ እንደ ዋለ የተነገረው ሰው አልነበረም። ከሁለት መንደር ተነሥቶ ስለ አገር መፍረድ እንደማይገባ አውቃለሁ። የተበደለው ልጅ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ ወንዝ ማዶ የቀሩት እኩዮቼ አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ሳይቀጥሉ ቀሩ።

ከ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ወዲህ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ወደ ታች እንዲወርድ፣ ኅብረተሰቡም በአመራሩ እንዲካፈል ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሥራ አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ደግሞ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድን፣ የወላጅና መምህር ኅብረትን ሥልጣንና ተግባር በዝርዝር አስቀመጠ። በዚያው ጊዜ በጀት ለወረዳ በጥቅል መሰጠት ተጀመረ። በ1990ዎቹ በደቡብና በትግራይ በአሜሪካ ርዳታ የተደገፈው የትምህርት ቤቶች ድጎማ ሥራም መልካም አብነት ነበረው፤ የወላጆች ኮሚቴ ችግሩን ራሱ ለይቶ ዕቅድ ያወጣል፤ ድጎማውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሥራው እየታየ በደረጃ ይሰጠዋል።

በ1986 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ ሠላሳ የማይሞላው የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ በ1999 ዓ.ም. 91 በመቶ ደረሰ። ከድህነት በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆነ። ሕዝቡ በዚህ ጊዜ የሠራቸው የመማሪያ ክፍሎች ለመጀመሪያው ቁጥር ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም።

ይህም ሆኖ የድሮው ጥያቄ አልተዘጋም። ፖሊሲው እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነጻ ይሰጣል ሲል፣ ከወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ጠመኔውም፣ የዘበኛው ደመወዝም፣ የክፍል ጥገናውም በወላጅ ላይ ወደቀ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው ድጎማ ሸክሙን አቃለለ እንጂ አላነሣውም። መዋጮው በአባወራ እኩል ሲጣል አምስት ልጅ የሚያስተምረውና አንድም ልጅ የሌለው፣ ባለ አራት በሬውና ባልቴቲቱ አንድ ዓይነት ይከፍላሉ። ደረሰኝ ያላመጣ ተማሪ በምዝገባ ቀን ሲመለስ ያየን ብዙዎች ነን፤ መላሹም እኛው መምህራን ነን። እዚህ ላይ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከቀበሌ ዝርዝራችን የተሻለ አስተዋይነት ነበረው፤ ጉልበት ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ አሰማርቶ ሲከፍለው፣ አቅመ ደካማውን ያለ ሥራ ይረዳው ነበር። መንደርተኛው በደቦ ዘመን ያውቀው የነበረው ልዩነት ነው።

ተሳትፎ ማለት ማዋጣት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሌላው ጉድለት ነው። ወላጁ ስለ ድንጋዩ ይጠየቃል እንጂ ልጁ ማንበብ መቻሉን የሚጠይቅበት ቀን አልተሰጠውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጥ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ በየመንደሩ ክፍል ያሠራው ወላጅ ከሁሉም ይልቅ የተደናገጠው እርሱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል የተጀመረው ንቅናቄ እንደገና ሕዝቡን ለትምህርት ቤቶች መሻሻል ጠርቶታል። ሕዝቡም መጥቷል። የሚመዘገበው ግን አሁንም በአመዛኙ ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮውና የተዋጣው ብር ነው።

ለዕጩ መምህራን በምናዘጋጀው የማኅበረሰብና ትምህርት ቤት ግንኙነት ትምህርት ውስጥ ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ በሚሄዱበት ትምህርት ቤት የሕዝብ መዋጮ መዝገብን እንዲመለከቱ የሚያዝ አንድ መልመጃ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አስገብተናል። የሚጠየቁት አራት ነገር ነው፤ መዝገቡ መኖሩን፣ ማን እንደሚይዘው፣ መቼና የት ለሕዝብ እንደሚነበብ፣ ከመዋጮ ነጻ የተደረጉ ሰዎች ስም በውስጡ መኖሩን። ባለፈው ዓመት ከቀረቡልን ሪፖርቶች በአብዛኞቹ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አለ» የሚል ነው፤ ለሦስተኛው ባዶ ነው። አንዲት ዕጩ መምህርት የተመደበችበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር መዝገቡን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ሰጣት፤ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆኑት አባት ግን መዝገቡ መኖሩን ከእርሷ ሰሙ። ማንበብ ስለማይችሉ ስማቸው ያለበትን ገጽ እንድታነብላቸው ለመኗት፤ የ2011 እና የ2012 ዓ.ም. የጉልበት ቀኖቻቸው አልተጻፉም ነበር። በዚያው ቅዳሜ ርእሰ መምህሩ መዝገቡን ይዞ ወደ ገበያው ዋርካ ወረደ፤ ሲመሽም ገና ሁለተኛውን ገጽ ሲያርሙ ነበር።